ጠባቂና ግንበኛ በአንድ ሳንቲም

ከተማ የሚባለው የጋራ ኑሮ ሁለት ዓይነት ግዴታ በራሱ ላይ ይጭናል፤ አንደኛው የነዋሪውን ሕይወትና ንብረት ከወንጀለኛና ከእሳት መጠበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ነዋሪው የሚኖርበትን ስፍራ ለኑሮ የተመቸና ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ አድርጎ ማነጽ ነው። ገንዘብ የማይነጥፍበት ከተማ ቢኖር ኖሮ ሁለቱ ግዴታዎች ባልተጋጩ ነበር፤ ነገር ግን የከተማ ካዝና ልክ ያለው በመሆኑና ለአንዱ የተሰጠው ለሌላው ስለማይሰጥ፣ የትኛው ይቅደም የሚለው ጉዳይ የሒሳብ ሹሞች ብቻቸውን የማይፈቱት የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ፈጥጦ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዷ በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችው ኦክላሆማ ሲቲ ናት፤ ሕዝቧ ከሠላሳ ዓመት በላይ በየጊዜው ወደ ምርጫ ጣቢያ እየሄደ፣ ከሚገዛው ዕቃ ላይ የሚታሰበው ሳንቲም ለግንባታ ይዋል ወይስ ለጥበቃ የሚለውን በራሱ ድምፅ ሲወስን ኖሯል።

በቅድሚያ የሽያጭ ታክስ የሚባለውን መግለጽ ያስፈልጋል። የሽያጭ ታክስ ዕቃ ለመጨረሻ ተጠቃሚ ሲሸጥ በዋጋው ላይ በመቶኛ የሚታከል ግብር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ተጨማሪ እሴት ታክስ ከአምራች እስከ ቸርቻሪ ባለው በእያንዳንዱ እርከን ሲሰበሰብ፣ ይህኛው የሚሰበሰበው በመጨረሻው መደብር ገንዘብ መቀበያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በኦክላሆማ ሲቲ የከተማው ድርሻ 4.125 በመቶ ነው። የ100 ዶላር አስቤዛ የሸመተ ሰው ለከተማው ከሚከፍለው 4 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ውስጥ 1 ዶላሩ ለግንባታ፣ 75 ሳንቲሙ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ መከላከያ፣ 12 ሳንቲም ተኩሉ ለእንስሳት ማቆያው፣ የቀረው 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ደግሞ ለከተማው አጠቃላይ ወጪ ይውላል፤ ከአጠቃላዩ ወጪም ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት እነዚያው ፖሊስና እሳት አደጋ ናቸው። የክርክሩ መላ ታሪክ በዚህ አንድ ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ይገኛል ማለት ይቻላል።

ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ የሚከፍሉት በከፊል ከንብረት ታክስ፣ ማለትም በቤትና በመሬት ዋጋ ላይ ከሚጣል ዓመታዊ ግብር ነው። የኦክላሆማ ከተሞች ግን በግዛቲቱ ሕግ መሠረት ይህን ግብር ለዕለት ተዕለት ሥራ ማስኬጃ ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ በተግባር የሚውለው ለቦንድ፣ ማለትም በሕዝብ ፈቃድ ለተወሰደ ብድር መክፈያ ነው። ስለዚህ የፖሊሱና የእሳት አደጋ ሠራተኛው ደመወዝ በገበያው መሙላትና መጉደል ላይ ተንጠልጥሏል። የነዳጅ ዘይት ዋጋ ከ2014 አጋማሽ ጀምሮ ሲያሽቆለቁል ኑሮው በዘይት ላይ የቆመው ነዋሪ መግዛቱን ቀነሰ፤ መግዛቱ ሲቀንስ ታክሱ ቀነሰ፤ ታክሱ ሲቀንስም የከተማው መሥሪያ ቤቶች በጀታቸውን ለመቁረጥ ተገደዱ። እሳቱ ግን ከዘይት ገበያው ጋር አብሮ አልቀነሰም። ኑሮ ሲከብድ ከተማው ጠባቂውን ይበልጥ የሚፈልግ ሆኖ ሳለ ለጠባቂው የሚከፈለው ገንዘብ የሚደርቀው በዚያው ጊዜ መሆኑ፣ ከሁሉ በፊት ሊመረመር የሚገባው የሥርዓቱ ጉድለት ነው።

የግንባታው ሳንቲም የተወለደው ከሽንፈት ነበር። በ1991 ዩናይትድ አየር መንገድ ለሚያቋቁመው የአውሮፕላን ጥገና ማዕከል ከተሞች ሲፎካከሩ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ብዙ ማባበያ አቅርባ ሳለ ዕድሉ ለኢንዲያናፖሊስ ተሰጠ። የከተማይቱ መሪዎች ከዚህ የቀሰሙት ትምህርት፣ ሰው ሊኖርበት የማይመኘውን ከተማ በገንዘብ ማባበያ ማስወደድ አይቻልም የሚል ነበር። በከንቲባ ሮን ኖሪክ ጊዜ በታኅሣሥ 1993 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ማፕስ በተባለ ዕቅድ አማካይነት ለአምስት ዓመት አንድ ሳንቲም፣ ይኸውም ከእያንዳንዱ ዶላር አንድ መቶኛ፣ ለዘጠኝ ፕሮጀክቶች እንዲከፈል በጠባብ ብልጫ ፈቀደ። የቤዝቦል ሜዳ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ በቀድሞው የመጋዘን ሰፈር መካከል የሚያልፍ ቦይ፣ ደርቆ የነበረው የወንዝ ዳር፣ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ያለ ብድር ተሠሩ። በ2001 ለትምህርት ቤቶች፣ በ2008 ለስፖርት አዳራሹ ማሻሻያ፣ በ2009 ደግሞ 777 ሚሊዮን ዶላር ለተገመተው ሦስተኛው ማፕስ ሕዝቡ ያንኑ ሳንቲም ደጋግሞ ፈቀደ። ጊዜያዊ እየተባለ የሚፈቀደው ይህ ሳንቲም ከ2002 መጀመሪያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሳይቋረጥ ሲከፈል መኖሩ ልብ ሊባል ይገባል፤ ስሙ ጊዜያዊ፣ ግብሩ ቋሚ ሆኗል።

በ2009 ሕዝበ ውሳኔ ላይ ዕቅዱን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበራት ይገኙበታል፤ መከራከሪያቸው በአጭሩ፣ ክፍት የሥራ መደቦች ሳይሞሉ ባሉበት ሰዓት መናፈሻና የስብሰባ ማዕከል መገንባት ቅደም ተከተልን ማዛባት ነው የሚል ነበር። ዕቅዱ ቢጸድቅም ክርክሩ አልሞተም። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በበጀት ቋንቋ ነው፤ መደበኛ በጀትና ካፒታል በጀት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ ለደመወዝና ለነዳጅ በየዓመቱ የሚወጣ፣ ሌላው ለሕንፃ አንድ ጊዜ የሚወጣ ነው፣ የሚያልቅ ገንዘብ ለማያልቅ ወጪ አይመደብም ይባላል። ይህ መልስ እውነት አለው፤ ለሰባት ዓመት በተፈቀደ ገንዘብ ሰው ቀጥሮ በስምንተኛው ዓመት ማሰናበት ከመጀመሪያው ካለመቅጠር ይብሳል። ሆኖም መልሱ የሚያስረዳው ሳንቲሙ ለምን ለደመወዝ እንዳልዋለ እንጂ ሕዝቡ ለምን የሚያልቀውን በፈቃደኝነት፣ የማያልቀውን በጭንቅ እንደሚሰጥ አይደለም።

ምክንያቱ በሥራው ባሕርይ ውስጥ ይገኛል። ግንባታ ሲሳካ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ስም ይወጣለታል፤ ጥበቃ ሲሳካ ግን ምንም አይታይም፣ ፍሬው ያልተቃጠለ ቤትና ያልተደፈረ ደጃፍ ስለሆነ። ያልደረሰ ጥፋት ምስክር የለውም። በዚህ ምክንያት ጥበቃና ግንባታ በአንድ የድምፅ ሣጥን ፊት እንዲወዳደሩ በተደረገ ቁጥር ውድድሩ ከጅምሩ ያዘነበለ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

የማይታየውን ቀርቦ ለማየት አንድ የእሳት አደጋ መኪና ውስጥ ያለውን አንድ መቀመጫ መመልከት ይበቃል። በአሜሪካ አብዛኞቹ ትልልቅ ከተሞች እሳት አደጋ ሠራተኞች በሦስት ተረኛ ቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን 24 ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ አንዷ መቀመጫ ሌት ተቀን እንዳትጎድል ቢያንስ ሦስት ሰው መቀጠር አለበት፣ የታመመውንና ዕረፍት የወጣውን የሚተካ ሲታከልም ቁጥሩ ከሦስት ያልፋል። በአገሪቱ የሥራ ደኅንነት ደንብ ደግሞ ሁለት ሰዎች ወደሚነድ ቤት ሲገቡ ሌሎች ሁለት ለማዳን ተዘጋጅተው በውጭ መቆም አለባቸው፤ ሰው በውስጥ እንዳለ ከታወቀ ብቻ ከዚህ ውጭ መሥራት ይፈቀዳል። አራት ሰው የጫነ መኪና እንደ ደረሰ ሥራውን መጀመር ሲችል፣ ሦስት ሰው የጫነው ግን ሁለተኛው መኪና እስኪመጣ የሚጠብቅበት ጊዜ ይኖራል ማለት ነው። የአሜሪካ የልኬትና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በ2010 ባሳተመው ሙከራ፣ አራት አባላት ያሉት ቡድን በመኖሪያ ቤት ቃጠሎ የሚሠሩትን 22 ተግባራት ከሦስት አባላት ቡድን 25 በመቶ ያህል ፈጥኖ እንደሚያጠናቅቅ፣ ይህም በሰዓት ሲለካ አምስት ደቂቃ ገደማ እንደሚሆን አሳይቷል። በበጀት ሰነድ ላይ ያልተሞላ የሥራ መደብ ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፈው ነገር፣ በሚነድ ቤት ደጃፍ ሲደርስ አምስት ደቂቃ ይሆናል።

ፈላስፎች ስለ መንግሥት ዓላማ የተከራከሩት ክርክር ይህን ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 ባሳተመው ሌዋታን በተባለው መጽሐፉ፣ ሰዎች ለገዢ የሚታዘዙት ስለሚጠብቃቸው እንደሆነና ጥበቃው ሲያበቃ የመታዘዝ ግዴታቸውም እንደሚያበቃ ተከራክሯል፤ በዚህ አስተሳሰብ ጥበቃ ከመንግሥት ሥራዎች አንዱ ሳይሆን የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ነው። ከእርሱ ብዙ ዘመናት ቀድሞ አርስቶትል ፖለቲካ በተሰኘው ድርሳኑ፣ ከተማ የሚመሠረተው በሕይወት ለመኖር ቢሆንም ጸንቶ የሚቆየው ግን መልካም ኑሮ ለመኖር ነው ሲል አስተምሯል። ሁለቱ ሊቃውንት የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ሲመረመሩ ግን አንዱ ስለ መጀመሪያው፣ ሌላው ስለ መጨረሻው ይናገራሉ። የኦክላሆማ ሲቲ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሆብስ ቋንቋ፣ የማፕስ ደጋፊዎች በአርስቶትል ቋንቋ ተናገሩ ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሆኖም ሕይወት ከመልካም ኑሮ ይቀድማል የሚለው እውነት ብቻውን፣ ለጥበቃ የሚወጣው ገንዘብ የቱ ላይ ሲደርስ በቃ እንደሚባል አያስተምርም፤ ፍርሃት ወሰን የለውምና፣ ጥበቃን እስኪጠግብ የሚጠብቅ ከተማ አንድም ዛፍ ሳይተክል ይኖራል።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው ምስክር መጽሐፈ ነህምያ ነው። ነህምያ የፈረሰውን የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለመሥራት ሲነሣ ጠላት ስለዛተበት፣ ከሰዎቹ እኩሌታው ሲሠራ እኩሌታው ጦርና ጋሻ ይዞ ይቆም ነበር፤ ሸክም የሚሸከመውም በአንድ እጁ ሥራውን፣ በሌላው መሣሪያውን ይይዝ እንደ ነበር ተጽፏል። ይህን ክፍል ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ያነሡታል። ብዙም የማይነሣው ቀጥሎ ያለው ነው። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጽሞ ሳንቃዎቹ እንደ ቆሙ ነህምያ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር በረኞችን መሾምና ነዋሪዎቹን በየተራ፣ እያንዳንዱንም በቤቱ አንጻር ለጥበቃ ማቆም ነበር፤ ከተማይቱ ሰፊ ሳለች በውስጧ ያለው ሕዝብ ጥቂት እንደ ነበረም መጽሐፉ ሳይሸሽግ ይናገራል። ድንጋዩ ብቻውን ከተማ እንደማይሆን ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል፤ በር ያለ በረኛ ክፍት ቦታ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ግንባታና ጥበቃ አንዱ ሌላውን የሚሻማ ሳይሆን አንዱ ሌላውን የሚወልድ ነው፤ አዲስ መናፈሻ በተከፈተ ማግስት የሚዞርበት ፖሊስ፣ አዲስ ሕንፃ በቆመ ማግስት ወደ ጣሪያው የሚደርስ መሰላልና መሰላሉን የሚወጣ ሰው ያስፈልገዋል። ግንባታ የሚያልቅ ወጪ ነው የሚለው አባባል ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚያልቀው መገንባቱ እንጂ የተገነባውን መጠበቁ አይደለም።

ያው መጽሐፍ ስለ ከፋዩም ዝም አይልም። በምዕራፍ አምስት ድሆቹ ለንጉሡ ግብር ለመክፈል እርሻቸውንና ወይናቸውን አስይዘው መበደራቸውን፣ ልጆቻቸውን እስከ ባርነት ማድረሳቸውን እየጮኹ ሲናገሩ፣ ነህምያ ባለጠጎቹን ገሥጾ ያስያዙትን ያስመልስላቸዋል፤ እርሱም ቀንበሩ በሕዝቡ ላይ ከብዷልና ለአለቃ የሚገባውን ቀለብ 12 ዓመት ሙሉ ሳይበላ ይኖራል። የቅጥሩ ሥራ ትረካ በድሀው ጩኸት መካከል መቋረጡ፣ ለጋራ ጥቅም የሚሠራ ሥራ ሁሉ ማን ከፈለው ከሚለው ጥያቄ እንደማያመልጥ ያሳያል።

የአይሁድ ሊቃውንት በዚሁ ነገር ላይ ተራቀዋል። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና፣ ማለትም የቃል ሕጋቸው ስብስብ፣ የከተማ ነዋሪዎች ቅጥርና በር ለማሠራት እርስ በርሳቸው ሊገዳደዱ እንደሚችሉ ይደነግጋል፤ ታልሙድ የተባለው ሰፊው ማብራሪያ ደግሞ ገንዘቡ በነፍስ ወከፍ ይሰብሰብ ወይስ በሀብት መጠን ብሎ ይጠይቅና በሀብት መጠን ይላል፣ በሌላው ትውፊት ደግሞ ለቅጥሩ የቀረበ ቤት ይበልጥ ይክፈል ይላል። ከዚያው ክፍል የሚገኝ ሌላ ትውፊት፣ ነቢዩ ኤልያስ እየተገለጠ ያነጋግረው የነበረ አንድ ጻድቅ ሰው ለግቢው የበር ቤት ባሠራ ጊዜ ነቢዩ ዳግመኛ እንዳልመጣለት ይተርካል፤ ምክንያቱም በሩ የድሀውን ጩኸት ከጆሮው አግዶት ነበር። ጥበቃ መልካም መሆኑን አምኖ፣ የተጠበቀው ሰው ከማን እንደ ተጠበቀ መጠየቅን የሚያስተምር ትውፊት ነው።

ይህ ጥያቄ በተለይ ለፖሊስ ይሠራል። ፖሊስና እሳት አደጋ በአንድ የታክስ መስመር ቢጣመሩም ሥራቸው በባሕርይው አንድ አይደለም፤ እሳት አደጋ ሠራተኛ የሚዋጋው ነበልባልን ነው፣ ፖሊስ ግን በሰው ላይ ሥልጣን ይዞ የሚሠራ ነው። የ242 የአሜሪካ ከተሞችን መረጃ መርምሮ በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከ10 እስከ 17 ፖሊሶች በተቀጠሩ ቁጥር በዓመት አንድ ግድያ እንደሚቀር፣ ይህ ጥቅም ከሕዝብ ቁጥራቸው አንጻር ለጥቁሮች የሚበልጥ እንደሆነ፣ ነገር ግን በጥቃቅን ጥፋት የሚያዙ ሰዎች ቁጥርም እንደሚጨምርና ሸክሙ በእነዚሁ ጥቁሮች ላይ እንደሚከብድ አሳይቷል። የሚጠበቀውና የሚያዘው የአንድ ሰፈር ሰው ነው። ስለዚህ ፖሊስ ይብዛ ወይስ ይነስ ተብሎ ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ የኢየሩሳሌም ታልሙድ የሚተርከው የሊቃውንት ጉብኝትም ይህንኑ ያስታውሳል፤ የከተማውን ጠባቂዎች አምጡልን ባሉ ጊዜ የከተማው ዘበኞች ሲመጡላቸው፣ እነዚህ ጠባቂዎች አይደሉም ብለው መምህራንን ጠባቂ ብለው ሰየሙ።

አሁን ወደ ደረሰኙ መመለስ ይገባል። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው የአገሮች ሀብት በተባለው መጽሐፉ፣ ዜጎች ለመንግሥት የሚያዋጡት በተቻለ መጠን እንደየአቅማቸው ሊሆን ይገባል ብሏል። የሽያጭ ታክስ ይህን መሥፈርት አያሟላም፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ያገኘውን ሁሉ ለፍጆታ ሲያውለው ባለጸጋው ከገቢው ብዙውን ስለሚቆጥብ፣ ታክሱ ከድሀው ገቢ የሚወስደው ድርሻ ከሀብታሙ ይበልጣል። የኦክላሆማ ግዛት በምግብ ሸቀጥ ላይ ይጥለው የነበረውን 4.5 በመቶ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አስቀርቷል፤ የከተማው ድርሻ ግን በዳቦውና በወተቱ ላይ እስከ ዛሬ አለ። ለከተሞቹ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሌላ የገቢ በር በሕግ የተዘጋባቸው መሆኑን፣ ከአጎራባች ከተሞች ገበያ የሚወጣውም ሰው ለሚሄድበት መንገድና ለሚጠብቀው ፖሊስ በዚህ ታክስ አማካይነት የሚያዋጣ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ቢሆንም ዳቦ ለምትገዛ ድሀ እናት በሁለቱ ሳንቲሞች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ቤቷ ሲነድ የሚደርስላት መኪና ለእርሷም ለባለጸጋውም እኩል ይመጣል፣ ወደ ስፖርት አዳራሹ ለመግባት ግን ሌላ ቲኬት መግዛት አለባት። ከድሀ ገቢ በርትቶ የሚቆርጥ ታክስ መቼም ቢሆን ምክንያት ሊሰጥበት የሚችል ከሆነ፣ ምክንያቱ የሚጸናው ለጥበቃ በሚውለው ድርሻ ላይ ነው፤ ለግንባታ በሚውለው ላይ ምክንያቱ የሚጸናው የሚገነባው ነገር ለዚያች እናት በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው። የ2019ኙ አራተኛው ማፕስ ለቤት አልባዎች መኖሪያ ቤት፣ ለአእምሮ ሕሙማን መርጃና የቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸው ማዕከል ገንዘብ መመደቡ በዚህ ረገድ ከቀደሙት የተሻለ ያደርገዋል፤ ጥበቃን በመሣሪያ ብቻ ሳይሆን በእንክብካቤም ለማድረግ መሞከሩ ነውና።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለሕሊና የተሻለው ድምፅ አሰጣጥ የመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ሕዝበ ውሳኔ ነበር። በዚያን ቀን ሕዝቡ ጎን ለጎን በቀረቡለት ጥያቄዎች የግንባታውን ሳንቲም ለ27 ወራት በአብዛኛው ለመንገድ ጥገና ሲፈቅድ፣ ከሳንቲም ሩብ የሆነ ሌላ ታክስ ደግሞ በቋሚነት አጽድቆ 129 ፖሊሶችና 57 የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚጨመሩበትን መንገድ ከፈተ። የሚያልቀው ለሚያልቅ፣ የማያልቀው ለማያልቅ ሥራ ተሰጠ፤ መራጩም አንዱን ሲፈቅድ ሌላውን ዓይኑ እያየ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ለአዲስ የስፖርት አዳራሽ በተጠየቀው ድምፅ፣ አራተኛው ማፕስ በ2028 ሲያበቃ የሚጀምር ሳንቲም ለስድስት ዓመት አስቀድሞ ተፈቅዷል፤ አዳራሹ ቢያንስ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሲሆን፣ በጥያቄው ጎን ግን ለጠባቂዎች ቁጥር የቀረበ ጥያቄ አልነበረም። የግንባታ ጥያቄ ለሕዝብ በቀረበ ቁጥር ከሕንፃው ዋጋ አጠገብ፣ ሕንፃው ከተከፈተ በኋላ በየዓመቱ የሚያስፈልገው የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኛ ብዛትና ደመወዙ የሚወጣበት ምንጭ በዚያው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ በከተማይቱ ደንብ ቢታዘዝ፣ መራጩ በሩንና በረኛውን አብሮ ይመርጣል።